የሠርግ ኮሜዲ ለዛሬ ማታ፦ የትኛው ከማን ጋር ይታያል?

ጥር ነበር። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ፣ እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ፣ ሰኞ ደግሞ መልስ። ሰኞ ማታ ቤት ገብተን፣ ጫማችንን አውልቀን ሶፋ ላይ ስንዘረጋ እህቴ "እስቲ ፊልም ክፈት፤ የሠርግ ይሁን" አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ሠርግ ቤት የዋለ ሰው ለምን የሠርግ ፊልም እንደሚያምረው እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ከፈትኩ።

እማዬ አለች። እህቴና ባሏ አሉ። የ12 ዓመት ልጃቸው ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። እኔ በጣም የምወደውን የእንግሊዞቹን ፊልም መረጥኩ። ፊልሙ ሲጀምር ዋናው ሰውዬ ለሠርግ አርፍዶ ይነቃል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስድብ። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ያቺን ቃል ግን ታውቃታለች። ልጁም ያውቃታል። ሪሞቱን ከእጄ የነጠቀችኝ እህቴ ናት።

ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም። ለማይሆን ቤት የማይሆን ሠርግ መምረጤ ነው። ከዚያ ወዲህ "የሠርግ ፊልም ንገረን" የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ "ከማን ጋር ነው የምታዩት?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ይህ ጽሑፍም ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ካሜራው የት ነው የተቀመጠው?

እዚህ የማወራው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ስለሚፋቀሩበት ፊልም አይደለም። ብዙ ሰው ስላለበት ነው። አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ሰው፤ ሁሉም የየራሱ ጣጣ ያለው። ሠርግ ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም የተመቸ ሰበብ ነው። ሌላ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ የማይገቡ ሰዎችን አንድ ድንኳን ሥር ይሰበስባቸዋል። የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ ከውጭ የመጣ አጎት፣ ሳይጠራ የመጣ ጎረቤት። ሁሉም ለብሰው አምረዋል፣ ግማሾቹ ጠጥተዋል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ልዩነቱ ያለው ካሜራው ከማን ጋር እንደተቀመጠ ነው። እድምተኛ ወንበር ላይ ነው? ከሙሽሪት አባት ጎን ነው? ከሚዜዎቹ መሃል ነው? ወይስ ወጥ ቤት? አንድ ሠርግ ከአራቱ ቦታ ሲታይ አራት የተለያየ ነገር ነው። እናንተም ራሳችሁ ሠርግ ላይ ብዙውን ጊዜ የት እንደምትገኙ አስቡ። ሁሌ ተጋባዥ የሆነ ሰውና ሁሌ ድግስ የሚያስተባብር ሰው በአንድ ፊልም እኩል አይስቁም።

ሁሌ ተጋባዥ ለሆነ፣ የእንግሊዞቹ

"ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊዩነራል" ይባላል፤ አራት ሠርግና አንድ ቀብር ማለት ነው። 1994 ላይ ወጣ። ጽሑፉ የሪቻርድ ከርቲስ፣ ዝግጅቱ የማይክ ኒውዌል ነው። ሂው ግራንትን ዓለም ያወቀው በዚህ ፊልም ነው። የተሠራው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ ገንዘብ ነው። ለሠርጉ ትዕይንት እድምተኛ ሆነው የቆሙት ባላባት ቢጤዎች የገዛ ራሳቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር የመጡት። ከዚያ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 245 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ለኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልምነትም ታጨ።

ብልሃቱ ቀላል ነው። ሰዎቹን የምናገኛቸው በአብዛኛው ሠርግ ላይ ነው፤ አንዴ ደግሞ ቀብር ላይ። ምን ሠርተው እንደሚኖሩ አይነገረንም። ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚሆኑ አናይም። ፈረንጅ ሲያየው ይህ አዲስ ዘዴ ነው። ለኛ ግን አዲስ አይደለም። ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ የምናገኘው ዘመድ የሌለው ማን አለ? "ወይ ጉድ፣ አደግሽ!" የሚሉን፣ ስማቸውን የረሳነው፣ ቀጣዩን ሠርግ ወይ ለቅሶ እስክንገናኝ የምንረሳቸው ሰዎች። ይህ ፊልም ስለ እነዚያ ግንኙነቶች ነው።

ቻርልስ የሚባለው ዋናው ሰውዬ ሁሌ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ነው። ራሱ ማግባት ይፈራል። አንድ ሠርግ ላይ የቀድሞ ፍቅረኞቹ ያሉበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ያንን ትዕይንት ሳይስቅ የሚያይ ሰው ካለ ፍቅረኛ ኖሮት አያውቅም። ሁለተኛው ሠርግ ላይ ደግሞ አዲስ የተሾመ፣ የሚርበተበት ቄስ አለ። የሚጫወተው ሚስተር ቢን ብላችሁ የምታውቁት ሮዋን አትኪንሰን ነው። መንፈስ ቅዱስን ሲጠራ ምላሱ ተሳስቶ ፍየል ይጠራል።

አሁን ደካማ ጎኑን ልንገራችሁ። ቻርልስ የሚያፈቅራት አሜሪካዊት ለምን እንደምትፈቀር ፊልሙ አላሳመነኝም። ቆንጆ ናት፣ ባርኔጣዋ ያምራል፣ በቃ። ከጎኑ ግን ፊዮና አለች፤ ክሪስቲን ስኮት ቶማስ የምትጫወታት። ጥቁር ለብሳ፣ ሲጋራ ይዛ፣ ለዓመታት ዝም ብላ የወደደችው። እሷ ለአንዲት ደቂቃ ያህል የምትናገረው ነገር ከጠቅላላው የዝናብ ውስጥ መሳሳም ይበልጥብኛል። ከጓደኞቹ መሃል ሁለቱ ወንዶች ጥንዶች ናቸው። የቀሩት ጓደኞቻቸው ከመካከላቸው ባልና ሚስት ያህል ሆነው የኖሩት እነሱ እንደሆኑ የሚገባቸው ዘግይቶ ነው። ማን እንደሚሞት አልነግራችሁም። ቀብሩ ላይ የሚነበበው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የኦደን ግጥም ግን ፊልሙን ከሌሎቹ ሁሉ ለይቶ ያስቀመጠው ነገር ነው። ኮሜዲ እያየሁ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው እንባውን ይጠርጋል።

ለማን ይሆናል? ለጓደኛሞች። ከ30 ዓመት በላይ ለሆነና "አንተስ መቼ ነው?" የሚለው ጥያቄ ለሰለቸው ሰው። ከእናት ጋር አይሆንም። ልምድ ነው የሚያናግረኝ።

ቤተሰብ በሙሉ ከሆነ፣ የግሪኮቹ

ከዚያ ሰኞ ማታ በኋላ እማዬን ያስታረቀኝ "ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ" ነው። 2002 ላይ ወጣ። ቺካጎ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው የግሪክ ቤተሰብ ነው። ልጅቷ ቱላ 30 ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ አባቷ ተስፋ ቆርጧል። ከዚያ ግሪክ ያልሆነ አስተማሪ ይዛ ትመጣለች።

የጻፈችውም ዋናዋን የምትጫወተውም ኒያ ቫርዳሎስ ናት። የግሪክ ቤተሰብ ያሳደጋት ካናዳዊት ናት። መጀመሪያ መድረክ ላይ ለብቻዋ ትተርከው ነበር። የቶም ሃንክስ ባለቤት ሪታ ዊልሰን፣ እሷም የግሪክ ዘር ያላት፣ አይታ ወደደችውና ፊልም ሆነ። 5 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ240 ሚሊዮን በላይ አስገባ። የሚገርመው ደግሞ አንድም ሳምንት አንደኛ ሆኖ አያውቅም። ሰው ለሰው እየተነጋገረ፣ እናቶች እናቶችን እየጠሩ ነው ሲኒማ ቤቱ የተሞላው።

አባትየው ለማንኛውም በሽታ የመስታወት ማጽጃ ይረጫል። ብጉር ወጣ? ይረጭበታል። እግር ተላጠ? ይረጭበታል። እማዬ ይህን ስታይ እኔን ነበር የምታየኝ፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ዳማከሴ የሚሠራውን ሥራ እዚያ ቤት ማጽጃው ይሠራዋል። አክስትየዋ ሙሽራው ሥጋ እንደማይበላ ስትሰማ መጀመሪያ ትደነግጣለች፤ ከዚያ ግድ የለም፣ በግ እሠራለታለሁ ትላለች። ጾም የሚጾም እንግዳ መጥቶበት "ትንሽ ቅቤ ናት፣ ምንም አትልም" ያለ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል።

ቀረቤታው ከቀልድ ያልፋል። ሙሽራው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለማግባት ኦርቶዶክስ ሆኖ መጠመቅ አለበት። ሙሉ ሰውዬ ነፋስ በሚሞላ የልጆች ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲጠመቅ ታያላችሁ። ሠርጉ ላይ ደግሞ ጥንዶቹ ጭንቅላት ላይ አክሊል ይደረጋል። "ተክሊል" የምንለው ቃል ከየት እንደመጣ ለማያውቅ ልጅ ጥሩ ማስረጃ ነው። ምርቃቱ እንኳ ይመሳሰላል። ሙሽሪት ስታልፍ ዘመዶቿ ክፉ ዓይን እንዳይነካት እንትፍ እንትፍ ይሉባታል። የሙሽራው ወላጆች ድንጋጤ የሚያስቀው እኛን ነው፤ አያቶቻችን ሲመርቁን እንትፍ እያሉ ስላሳደጉን።

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ከልጆቻችሁ ጋር እዩት። ቱላ ትንሽ ልጅ ሳለች ሌሎቹ ሲጫወቱ እሷን ግሪክኛ ትምህርት ቤት ይልኳታል። ምሳዋ ከሌሎቹ ልጆች ምሳ ስለሚለይ ይሳቅባታል። ዋሽንግተን ዳር ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ቆጠራ የሚጎተት ልጅ ይህን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ድክመት አለው። ሰውዬው በጣም ጥሩ ነው። የሚሉትን ሁሉ እሺ ይላል፤ ከልቡ አንድ ቀን እንኳ አይናደድም። ጠብ የሌለበት ፍቅር ትንሽ ጨው ያንሰዋል። የሙሽራው ወላጆችም ወረቀት ላይ የተሳሉ ያህል ደረቆች ናቸው፤ ስጦታ ብለው ያመጡት መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ኬክ ግን ምን እንደገጠመው ብነግራችሁ ይበላሽባችኋል። 95 ደቂቃ ነው፤ ከእራት በኋላ ይበቃል። በ2016 እና በ2023 ተከታዮች ወጥተውለታል። የመጀመሪያው ይበቃችኋል።

አንድ ብቻ የምታዩ ከሆነ፣ የዴልሂው

"መንሱን ዌዲንግ" ማለትም የክረምት ሠርግ። የሚራ ናይር ሥራ ነው፤ ጽሑፉ የሳብሪና ዳዋን። በ2001 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን፣ ወሰደ። የተቀረጸው በ30 ቀን ነው። ካሜራው በእጅ የተያዘ ስለሆነ የዘመድ የሠርግ ቪዲዮ የምታዩ ይመስላችኋል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለመለየት 20 ደቂቃ ይፈጃል። ተስፋ አትቁረጡ። ሠርግ ቤትም ሲገቡ እንዲያ ነው።

ላሊት የሚባል አባት ልጁን አዲቲን ሊድር ነው። ሙሽራው ከአሜሪካ፣ ከሂውስተን የመጣ መሐንዲስ ነው። ቤተሰብ ነው ያገናኛቸው። ልጅቷ ግን ከአንድ ባለትዳር የቴሌቪዥን ሰው ጋር ገና አልቆረጠችም። ይህ አንዱ ክር ነው። ሌላው የአባትየው ኪስ ነው። ገንዘቡ አልቋል፤ ድግሱ ግን እያደገ ይሄዳል። ናሲሩዲን ሻህ ይህን አባት ሲጫወተው ጓሮ ቆሞ ሂሳብ የሚያሰላ የኛን ሰፈር ሰው ሁሉ ነው ያየሁት።

ድንኳኑን የሚተክለው ዱቤ የሚባል ደጋሽ ነው። ስልኩ አያርፍም፤ ዋጋው በየሰዓቱ ይጨምራል። ነጭ ድንኳን ሲተክል አባትየው ይጮሃል፤ ነጭ ለነሱ የሐዘን ቀለም ነው። እኛ አገር ያው ድንኳን ቅዳሜ ለሠርግ ማክሰኞ ለለቅሶ ስለሚተከል ነገሩ በሌላ መንገድ ያስቃል። ይህ ዱቤ፣ የአበባ ቅጠል እየበላ የሚንቆራጠጠው ሰውዬ፣ የቤቱን ሠራተኛ አሊስን ሲያፈቅር ፊልሙ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከሚወጣበት ሠርግ ጀርባ ሁለት ድሆች ያለ ድምፅ ይፋቀራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ፍቅርም የእነሱ ነው።

ቋንቋቸውን ልብ በሉ። እንግሊዝኛ፣ ሂንዲና ፑንጃቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደባለቃሉ። ጉራማይሌ እንደምንናገረው ነው። ስለዚህ ሰብታይትል ያስፈልጋል። ማንበብ ከሚያደክማቸው ሰዎች ጋር አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም የሚያከብረው ባለውለታ ዘመድ አለ። ትምህርት የሚያስተምር፣ ችግር ሲመጣ የሚደርስ ሰው። ይህ ሰው ሕፃን ላይ ያደረሰው በደል ሠርጉ መሃል ይፈነዳል። የሚታይ ነገር የለም፤ የሚነገረው ግን ይከብዳል። በእንዲህ ያለ ነገር ያለፈ ሰው አብሯችሁ የሚያይ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

እኔ ግን ፊልሙን ከሁሉ ያስበለጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ፊልሞች "ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?" ይሉናል። ይኼኛው አባትየውን ፊት ለፊት አቁሞ ይጠይቀዋል፦ ሠርጉ እንዳይበላሽ ዝም ትላለህ? ባለውለታህን ታባርራለህ? "ነገር አታብዙ፣ እንግዳ አለ" የሚባልበት ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ላሊት የሚወስደው እርምጃ ጊዜ ይወስዳል፤ ወዲያው ጀግና አይሆንም። እሱ ነው እውነት ያደረገው። ከዚያ ዝናቡ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ በጭቃ ይጨፍራል፤ እናንተም የምታለቅሱት በደስታ ይሁን በምን ሳታውቁት ያልቃል።

ድግስ አስተባብራችሁ ለምታውቁ፣ የፈረንሳዮቹ

"ለ ሳንስ ደ ላ ፌት" 2017 ላይ ወጣ፤ ኦሊቪዬ ናካሽና ኤሪክ ቶሌዳኖ ናቸው የሠሩት። እዚህ ሙሽሮቹ ዋና አይደሉም። ዋናው ማክስ ነው፤ ዣን ፒዬር ባክሪ የሚጫወተው፣ ለዓመታት የሰው ሠርግ ሲደግስ የሰለቸው ሰው። አንድ ቀን፣ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ አንድ ሠርግ። ካሜራው ከአስተናጋጆቹ ጋር ነው።

ፎቶ አንሺው ከሚያነሳው የሚበላው ይበልጣል። ዘፋኙ ከማክስ ረዳት ጋር ይነታረካል። አስተናጋጆቹ የድሮ ባላባት አሽከር ልብስና ሰው ሠራሽ ጸጉር አድርጉ ተብለው ያምፃሉ። ሙሽራው ራሱን የሚወድ፣ ንግግሩ የማያልቅ ሰው ነው። ሥጋው ሲበላሽ ደግሞ እንግዳው ተተኪው ምግብ እስኪደርስ ጨው የበዛበት ብስኩት መሳይ ነገርና አምቦ ውኃ እየተሰጠው በጋዝ ሆዱ እንዲነፋ ይደረጋል። ሠርግ ላይ "ምግቡ አልበቃም" የሚል ሹክሹክታ በጆሮው ደርሶት የቀዘቀዘ ሰው ይህን ሲያይ ያልበዋል እንጂ አይስቅም። እኔ የእህቴ ሠርግ ላይ የወጥ ኃላፊ ነበርኩ። ዝርዝሩ ይቅር።

የፍቅሩ ነገር ቀጭን ነው። ፍቅር ፈልጋችሁ ከሆነ ይህ አይደለም። አብረው ለሚሠሩ ሰዎች፣ ለሆቴል ሠራተኞች፣ ለዲኮርና ለቪዲዮ ሰዎች ግን ከዚህ የተሻለ የለም። መጨረሻ አካባቢ መብራት ይጠፋል። መብራት መጥፋት ለኛ አዲስ አይደለም፤ እዚያ ቤት ግን ጨለማው ምን እንደሚያመጣ እዩት።

ጥልፍና ጭፈራ ለሚያምራችሁ፣ የሌጎሱ

"ዘ ዌዲንግ ፓርቲ" በኬሚ አዴቲባ የተዘጋጀ የናይጄሪያ ፊልም ነው። በ2016 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ ታኅሣሥ ላይ አገር ቤት ሲኒማ ገባና የኖሊውድን፣ ማለትም የናይጄሪያን ፊልም ሥራ፣ የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሙሽሪት ዮሩባ ናት፣ ሙሽራው ኢግቦ ነው፤ ሁለት የተለያዩ የናይጄሪያ ብሔረሰቦች። ሁለቱ ጥንዶች ጥሩ ናቸው፤ ፊልሙን የሚይዙት ግን ሁለቱ እናቶች ናቸው። ሶላ ሶቦዋሌ የሙሽሪትን እናት ስትጫወት ቤቱ ይሞላል። አይሬቲ ዶይል ደግሞ የሙሽራው እናት ሆና አፍንጫዋን ነፍታ ትቀመጣለች። ሁለት ዓይነት እናት፤ ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ።

ታሪኩ ይዘላል፤ አንዳንዱ ቀልድ ይጮሃል። ግን ልብሱን እዩ። ጥምጣሙን እዩ። ናይጄሪያዎች ሠርግ ላይ ብር ሲበትኑ ሲታይ ዘፋኝ ግንባር ላይ ብር የምንለጥፍ እኛ አንደነግጥም። ዋናዎቹ ተዋንያን፣ አዴሱዋ ኤቶሚና ባንኪ ደብሊው፣ በ2017 በእውነትም ተጋቡ። ለእህቶቼ ይህን ስነግራቸው ፊልሙን እንደገና አዩት።

ሌሎቹን በአጭሩ

"ብራይድስሜይድስ"፣ 2011። የሚዜዎቹ ፊልም ነው። ቬሎ መሸጫ ውስጥ ሆድ የሚያበላሽ ትዕይንት ስላለው ከወላጅ ጋርም፣ እራት እየበሉም አይታይም። ከሴት ጓደኞች ጋር ግን ይታይ። ሰው የሚያስታውሰው ሆድ ማበላሸቱን ነው፤ እውነተኛው ሕመም ግን ገንዘብ ነው። ዋናዋ ሚዜ ኬክ ቤቷ ተዘግቷል፣ ኪሷ ባዶ ነው፤ ሌላዋ ሀብታም ሚዜ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ወጪ ታመጣለች። ለአንድ ዓይነት ቀሚስ፣ ለጫማ፣ ለስጦታ እያለች ደመወዟ ያለቀባት ሚዜ ይህን ከእኔ በላይ ታስረዳችኋለች።

"ክሬዚ ሪች ኤዥያንስ"፣ 2018፣ ሲንጋፖር። ብዙ ሰው ቢኖርበትም ነገሩ የሁለት ሴቶች ነው፤ የልጅቷና የወደፊት አማቷ። ሚሼል ዮ አማቷን ስትጫወት ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ አያስፈልጋትም። አማት ልትሆን የተቃረበች እናት ካላችሁ አብራችሁ እዩት፤ ቀልዱ ከፊልሙ በኋላ ይቀጥላል።

"ላቭ አክችዋሊ"፣ 2003፣ እንደ ሠርግ ፊልም ሲጠራ እሰማለሁ። ሠርጉ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ብቻ ነው። እሱ የገና ፊልም ነው፤ ለገና አቆዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ዘ ቢግ ዌዲንግ"፣ 2013። ሮበርት ዴ ኒሮ አለ። ዳያን ኪተን አለች። ሱዛን ሳራንደን አለች። ሮቢን ዊልያምስ ቄስ ሆኖ አለ። ፖስተሩን አይታችሁ ትገባላችሁ። የተፋቱ ባልና ሚስት በማደጎ ያሳደጉት ልጅ ሠርግ ላይ ወላጅ እናቱ እንዳትቀየም ብለው አልተፋታንም ይላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ሰዎቹ ተራ በተራ መጥተው ቀልዳቸውን ይጥሉና ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚይዝ ፊልም ሰዎቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ወረፋ ነው የሚሆነው።

ታዲያ ዛሬ ማታ?

እናት ወይ አያት ቤት ካሉ፣ ልጆችም ካሉ፣ የግሪኮቹን። ሁለት ሆናችሁ ገና እየተዋወቃችሁ ከሆነ የእንግሊዞቹን ክፈቱ፤ የትኛው ቦታ እንደሳቀና የትኛው ቦታ ዝም እንዳለ ብዙ ይነግራችኋል። ሠርጋችሁ ሦስት ወር ከቀረው የፈረንሳዮቹን አትንኩ፤ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ እዩት፤ ያኔ ትስቃላችሁ። ቤት ውስጥ ሰው በዝቶ፣ ምግብ እየተሠራ፣ ማንም በደንብ የማያይ ከሆነ የሌጎሱ በራሱ ይጫወታል፤ ስትመለሱም ያልገባችሁ ነገር አይኖርም።

የዴልሂውን ግን ለጩኸት ቤት አታባክኑት። ስልክ አስቀምጡ፣ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ፣ ሁለት ሰዓት ያህል አላችሁ በሉ። ባለፈው ወር እማዬን ብቻዋን ይዤ አየነው። እየተረጎምኩላት። ባለውለታው ዘመድ የመጣ ጊዜ መተርጎም አቆምኩ፤ አልጠየቀችኝም። ሲያልቅ ተነስታ ሲኒዎቹን ሰበሰበችና ከወጥ ቤት ሆና "ያ ድንኳን ተካይ ግን ልጅቷን አገባት አይደል?" አለችኝ። አገባት አልኳት።